ገጽ መቶ አርባ ሁለት

ወይዘሮ ትብለጥ ከታችኛው መደርደሪያ ሥር
ጎንበስ ብላ አወጣችው፣ ልታበድረኝ ስታመነታ፣ ስትመረምር፤
«ሦስት ቀን ብቻ!» አለች፣ «ቅጠሉ እንዳይቀደድ፣
ወጥ እንዳይነካው፣ ሻይ እንዳይወርድ።»
ጀርባው በፕላስተር ታሽጓል፣ እንደ ቁስል፤
የቀደሙኝ ስሞች ካርዱ ላይ ደብዝዘዋል፣ ጠልሰም ይመስል።

አሞራ ገደል ወረድኩ። አባቴ መረብ ሲጠግን፣
ከግንድ ተደግፌ ገለጥኩት ያንን ዘመን።
አባ ኮዳ ባጠገቤ፣ አንገቱን ቀብሮ ቆሞ፣
ክርክር የሰለቸው ዳኛ፣ ከችሎቱ ጋር ተጣልቶ፣ ተቀይሞ።
ዓሣ የሚያጥቡት ልጆች ይጯጯሃሉ፣ ይስቃሉ፣
እኔ ግን ከዚያ የለሁም፤ ፈረሰኞች ይመጣሉ።

ጌታው አለ፣ ጠጉሩ ሹሩባ፣ ጋሻው በብር፣
የታጨችለት ልጅ አለች፣ ደብዳቤዋ ሳይደርስ የሚቀር፣
የከዳ ወንድም አለ፣ መርዝ አለ፣ የታጠፈ ቃል።
ፈረሱማ!
ስሙ ዶፉ ነው። ጌታውም «አባ ዶፉ» ይባላል፤
ሰው በፈረሱ ሲጠራ ማዕረጉ ይጨምራል።
ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ ዶፉ በጦር ተወጋ፤
ሞቱ ሦስት ገጽ ፈጀ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።
ጉልበቱ እንዴት እንደታጠፈ፣ ዓይኑ እንዴት እንደራራ፣
ጌታው ጋማውን ጨብጦ ስሙን እንዴት እንደተጣራ...

አለቀስኩ።
አባቴ ቀና ብሎ «ማን ነካሽ? ምን ሆንሽ?» አለ።
«ፈረስ ሞተ» አልኩት።
ዙሪያውን አየ። ፈረስ የሚባል የለ።
«የጋሪ ነው?»
«የመጽሐፍ።»
ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሥራውን ቀጠለ።

ማታ መብራት ጠፋ። በስልኬ ብርሃን ደገምኩት፣
ያንኑ ገጽ፤ እንባው ጥሞኝ ነው የተመለስኩበት።
ከዶፉ ሞት በላይ ግን፣ ከአንቀጹ ጫፍ፣
አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ቀጭን፣ እንደ ጅራፍ፦
«በሐይቁ ዳር የነበሩት ሁሉ ሸሹ።»
በቃ። አራት ነጥብ።
ስም የለሽ፣ ቁጥር የለሽ፣ የታዘለ ልጅ የሌለባት፤
ቀን ላይ ወደ ፈረሱ ስሮጥ ረግጬ ያለፍኳት።

አፈርኩ።
ለፈረስ እንስራ ሙሉ ያፈሰሰ ዓይኔ
ለሰው ጠብታ ነፈገ። ደራሲው ነው? ወይስ እኔ?
የትኛው ሐይቅ እንደሆነ መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም፤
እኔ ግን ከአንድ በቀር ሌላ ሐይቅ አላውቅም።

ጠዋት ጀልባውን ሲገፋ አባቴን ጠየቅሁት፦
«ከዚህ የሚሸሽ ሰው ወዴት ይሸሻል፣ ጦር ሲመጣበት?»
ጥቂት እንኳ አላሰበም።
«ሴትና ልጅ ወደ ታቦር፣ ወንዱ ሸምበቆ መሐል፣
እስካንገቱ ውኃ ገብቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ያድራል።»
«ማን ነገረህ?»
«ማን ይነግረኛል?» አለ፣ መቅዘፊያውን እያነሳ፣
«ተራራው ያው፣ ሸምበቆው ያው። ወደ ጥልቁ የሚሸሸው ዓሣ!»

መምህር ሻላሞ የሰጡን ጥያቄ ቀላል ነበረ፦
«ባለታሪኩ ማነው?» ክፍሉ ስለ ጌታው ተከራከረ።
እኔ አንድ ሉክ ሙሉ ስለ ሸምበቆ ጻፍኩ፣
ስለ አንድ ሰው፤ ስሙን ካያሞ ብዬ ሰየምኩ።
አልቅት ጆሮው ላይ ተጣብቆ፣ ከሳሉ ጋር ሲታገል፣
ማዶ ፈረስ ሲያጣጥር እየሰማ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣
«ምነው ቶሎ በሞተ» የሚል።

ወረቀቴ ተመለሰ። በቀይ፦ «ከጥያቄው ወጥተሻል።
ስድስት ከአሥር።» ከሥሩ ግን በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦
«እኔም በልጅነቴ ለፈረሱ ነው ያለቀስኩት።
ሸምበቆውን ገና ዛሬ፣ ባንቺ ወረቀት አየሁት።»

መጽሐፉን ዘግይቼ መለስኩ፣ በሰባተኛው ቀን።
ወይዘሮ ትብለጥ አፍንጫዋን ይዛ ገለጠች ገጹን፦
«ዓሣ ዓሣ ይሸታል! ይሄ ደግሞ ምንድነው? ቅርፊት?
መስመሩ ላይ የለጠፍሽው? አይ፣ ይሄስ ድፍረት!»
ሃያ ብር ቀጣችኝ። ከፈልኩ፤ አልተከራከርኩም።
በጥፍሯ ልትልጠው ሞከረች።
አልተላጠም።