ጢም ያበቀለ መስተዋት

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ካውቶቡስ ተራው ፊት፣
ሁለት ወንበር ያላት አለችኝ ፀጉር ቤት፤
መስከረም ሊጠባ፣ ምን እንደለከፈኝ፣
ዓሣ ላርባ አልኩኝ፤ ማን እንደመከረኝ!
መስተዋት አስቆርጬ፣ በማስቲሽ አጣብቄ፣
ሐይቅ ሠራሁ መስኮት ሥር፣ እጅግ ተጠንቅቄ።
ሐይቅ የምለው እኔ ነኝ። አራት ጀሪካን ነው።

ባሕር ዳር ደርሼ ዓሣ ገዛሁ አምስት፣
ብርቱካን የመሰሉ፣ በፌስታል ውሃ ውስጥ፤
እንጅባራ ብርድ ላይ በጋቢ ሸፍኜ፣
ቡሬ ላይ አየር ሰጥቼ፣ ጭኔ ላይ አዝዬ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። መጀመሪያ አቧራ፤
ከዚያ ቡናማ ዝገት ድንጋዩ ላይ አፈራ፤
ከዚያማ መስተዋቱ ጢም አበቀለ፣
አረንጓዴ፣ ሐር መሳይ፣ ፊቱን የከለለ።

"ጢምማ ሥራዬ ነው!" አልኩና በምላጭ
ጥርግ አርጌ ላጨሁት፣ እንደ ሙሽራ ጉንጭ።
ሲነጋ በቀለ። ላጨሁ። ደግሞ በቀለ።
የከተማው ወንድ በሁለት ሳምንት ይመጣል፤
ይኼ በየማለዳው፣ ያውም ሳይከፍል ይላጫል።

ረዳቴ ስሙ ይታያል ይባላል።
"ይታያል?" እላለሁ፣ ጣቴን ወደ ውሃው።
"አቤት ጋሼ!" ይላል።
"አንተን ማን ጠራህ፣ ዓሣው!"
"ዓሣውማ አይታይም" ይላል ይታያል።

ስንሻው፣ ድሮ የዓሣ ምርምር ዘበኛ፣
ግማሽ ጉንጩ ሳሙና፣ የቅዳሜ ደንበኛ፣
"ዋቅላሚ ነው ስሙ፤ አልጌም ይሉታል" አለ፤
"አልጋ ወራሽ አውቃለሁ፣ አልጌ ወራሽ ግን..."
"አትሳቅ፣ ምላጭ ይዣለሁ።"
"ስማኝ። ውሃህ ገና አራስ ነው። የአራስ ቤት መስኮት
እንዲህ ወለል ብሎ ለፀሐይ አይከፈት።
አራስስ ብትሆን ቀኑን ሙሉ ገንፎ ትውጣለች?
በሳምንት አንድ ጀሪካን ቅዳ፣ አንድ ጨምር። ሌላው ትዕግሥት።"

አፈርኩኝ። ሰው በገባ ቁጥር፣ እነሱም ይቅመሱ ብዬ
ስበትን ነበር በእፍኜ፤
ለካ የተረፈው ሁሉ፣ ፍርፋሪው ወርዶ፣
ጢሙን ነው ያወፈረው፣ ዓሣዎቼን ክዶ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። አንድ ቀን። ሁለት። ሦስት።
ማሽኔ ዲዳ ሆነ፤ ሰፈሩ ይራገማል፤
እኔ የሱቄን ፎጣ ሁሉ መስኮቱ ላይ ሰቅዬ
ጨለማውን አጠበቅሁ።
የአየር ፓምፑም ቆሟል።
ከይታያል ጋር በተራ፣ በጣሳ እየቀዳን
ከፍ አድርገን እናፈሳለን፣ ሌሊቱን በሻማ፣
ውሃው እንዲተነፍስ።
አንዷ በሁለተኛው ሌሊት ሞተች።
ለማንም አልነገርንም።

በአራተኛው ጠዋት ፎጣውን ስገልጥ
ጢሙ ነጥቶ ነጥቶ ወርዷል ከሥር፣ እንደ ሽበት፤
አራት ብርቱካን፣ ቀስ ብለው፣ በጠራ ውሃ ውስጥ።
"ይታያል?" አልኩ።
"ይታያል" አለ፣ ስሙን እንደተማረ ልጅ።

ዛሬም አልጠፋም። የፊቱን በሳምንት አንዴ እላጫለሁ፤
የኋላውን ግን ትቼዋለሁ፣
አፋቸውን አሞጥሙጠው ይለቅሙታል ሲመሽ።
ስንሻው አጎንብሶ አየው፣ ብዙ ቆየ፣
ወንበሩ ላይ ወጣና፣
"የኔንም" አለኝ፣ "ከኋላ ትንሽ ተውልኝ።"