ከሰባ ቀን በፊት

ካርታው ከግድግዳ፣ መርፌው ከጣቷ ጫፍ፣
ስልኩ ከጆሮዋ፣ ጥያቄው ከአፏ አፋፍ፦
«ምን በልተው ነበረ፣ ከሰባ ቀን በፊት?
አይብ? ያልፈላ ወተት? ያልታጠበ አትክልት?»
የትናንት ራቱ እንኳ ይጠፋበታል ሰው፣
ይቅርና ሐይቁ በረዶ ሳለ የቀመሰው።

አንዷ ሳቀችባት፤ አንዱ ስልኩን ዘጋ፤
አንዷ ደረሰኟን ፈልጋ ፈልጋ
አርባ ቅጠል ላከች፣ ከነሳሙናው ዋጋ።

ሰባት መርፌ ሆነ፤ ሰባቱም ቀይ ራስ፣
ከሳይማ ሐይቅ ዳር እስከ ጥዱ ድረስ።
ሰባተኛዋ ሴት ሁለት ነፍስ ነበረች፤
ካርታው ላይ ግን ያው፣ እንደ አንድ ተቆጠረች።

ሄልሲንኪ መለሰ፤ ዘሩ ተመረመረ፤
የሰባቱም ጀርም አንድ ቤት ነበረ።
ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ብርድ አይበግረው፣
ማቀዝቀዣው ራሱ አድልቶ የሚያኖረው።
ቤቱ የማን ነው? ይህን ላቦራቶሪ አይመልስም።

ቬይኮ ስልክ አያነሣም፤ ነድታ ሄደች እሱ ዘንድ፤
ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ፣ ይፈልጣል ግንድ።
«የበላሁትማ» አላት «መች ይረሳኛል?
የሚስቴ ቀብር ነው፤ ቀኑ ይታወቀኛል።
ድንች ነበር፣ ቅቤ፣ የአጃ ዳቦ፣ ደግሞ…»
አለና ዝም አለ፣ መጥረቢያው ላይ ተደግፎ ቆሞ።

«ደግሞ?» አለች ቱሊኪ።

ከሐይቁ ማዶ አንድ ጭስ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤
ታኔሊ፣ የወንድሙ ልጅ፣ ዓሣ ያጨሳል።
ያን ቀን ሳይጠየቅ ሙሉ ቅርጫት አመጣ፤
«ለአክስቴ» ብሎ አኖረ፣ ሊያለቅስ ደጅ ወጣ።

«እኔ» አለ ቬይኮ «የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም።»
እሷም አልተቆጣች፤ ሕግ አልጠቀሰችም።
የካርታውን ቅጂ ግንዱ ላይ ዘረጋች፣
ጣቷን ሰባተኛው ነጥብ ላይ አሳረፈች።
«ይቺን ስሟን አልነግርዎትም» አለች።
«ልጅ ልትወልድ ነበር።»

አንድ ወፍ። የጥድ ሽታ። የተፈለጠው እንጨት
ነጭ ሆዱን ሰጥቶ ተኝቷል።
ቬይኮ ጓንቱን አወለቀ፤ አንዱን፣ ቆይቶም ሌላውን።

«ዓሣ» አለ። «ጻፊው።
ግን ለልጁ እኔ ልንገረው፤ ከማኅተም ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት።
ጀልባ አለኝ።»

መኪናዋ ውስጥ ሆና መቅዘፊያውን ስትሰማ ቆየች፤
ያረጀ ክንድ፣ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ።
ከቅጹ ግርጌ «ሌላ የሚጨመር?» ይላል።
ባዶውን ተወችው።