የአርባ ቀን ሒሳብ

ካሰል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ፖስታ፣ አፉ በጣት ተቀዶ።
ዘጠኝ ቀን ሳይከፈት ከርሟል፣ ከማስታወቂያ ጋር ተደባልቆ፤
"የመብራት ሒሳብ መስሎኝ" ይላል አያልነህ አንገቱን ሰብቆ።
ለመቃወም የተሰጠው አሥራ አራት ቀን ነው፤
የቀረው አምስት ነው፤ ጠበቃዋ በጣቷ ቆጠረችው።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ መሐል መቀመጥ፣
ያንዱን ቃል ለሌላው ማድረስ፣ ሳልጨምር፣ ሳልመርጥ።

ወይዘሮ ሃርትቪግ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
"ምን ያህል ጠጡ?" አለችው፣ ብዕሯን ከወረቀት ነቅላ።
"ኧረ ትንሽ ነው" አለ፤ "ሰው ፊት የሚያሳፍር አይደለም፤
ሞቅ ብሎኝ ነበር እንጂ ሰክሬስ አልነበረም።"

ሞቅ።
እዚህ ላይ ምላሴ ቆመ።

በእነሱ ቋንቋ የሚሞቅ ምድጃ ነው፣ ሾርባ ነው፣ አልጋ ነው፤
በእኛ ግን ሞቅታ ሰፈር ነው፤
በጨዋታና በስካር መሐል፣ አጥርም ምልክትም የሌለው፣
ማለፉን ሳያውቅ ስንቱ ሰው እየሳቀ የሚያልፈው።
"ትንሽ ደስ ብሎኝ" ልል አሰብኩ፣ ተውኩት ደግሞ፤
ከክንዱ የተቀዳው ደም ተናግሯል አስቀድሞ፦
ከሺህ አንድ ነጥብ ሦስት።
የገዛ ደሙ ነው የመሰከረበት።
ከአንድ ነጥብ አንድ ወዲያ፣ በዚህ አገር ሕግ፣
"ቀጥ ብዬ ነድቻለሁ" ቢሉ የሚሰማ የለም፤ ወንጀል ነው በወግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወዳጁ ልጅ አርባ ቀን ሞላው፤
አያልነህ የክርስትና አባት ሆኖ አቀፈው።
በኪራይ አዳራሽ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ፤
"ሦስት ኪሎ ሜትር ናት" ብሎ ቁልፉን እየነቀነቀ
ወጣ። ከፉልዳ ድልድይ ወዲህ፣ ከምሰሶ ጋር የታሰረ
ብስክሌት ገጨ። ሰው አልሞተም። የሰው አጥንት አልተሰበረ።

"ጎማው ግን" አለ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
"ብቻውን ይሽከረከር ነበር፤ ልጅ ቢኖርበትስ ኖሮ?
ይህን አትተርጉሚው።"

ተረጎምኩት። ግዴታዬ ነው።
ሃርትቪግ ዝም አለች። ከዚያ፦ "ለፖሊስ ተናግሯል?"
"አልተናገረም።" "እንግዲያው አይናገር። ዝምታ መብቱ ነው ይበሉት፤ ይበቃል።"

"አባቴ" አለ አያልነህ፣ "ለአንድ ጥማድ መሬት ቆሞ
'በላ ልበልሃ' ሲል ዛፍ ሥር ሰው ታድሞ
ዳኛው እንኳን ፈገግ ይል ነበር።
እኔ አፌን ዘግቼ በፖስታ ልከራከር?"
"አዎ" አለች። "በፖስታ። እስከ ዓርብ። በፊርማ።"
ሌላ የምትለው እንዳላት ጠበቅሁ፤ የለም። አልሰማሁማ።

ቅጣቱ በቀን ተጽፏል፤ የአርባ ቀን ገቢ፤
አርባ! ትከሻው ወረደ፤ ልክ እንደ ተሸካሚ።
መንጃ ፈቃዱ ተሰርዟል፤ ለአሥር ወር አዲስ አይሰጠውም፤
ዕቃ የሚያደርስበት ድርጅት ደግሞ አሥር ቀን አልጠበቀውም።

"ደሙን መካድ አንችልም፤ የቀኑን ቁጥርም አልነካ፤
የቀኑን ዋጋ ግን እሟገታለሁ" አለች፣ ወረቀቱን እየለካካች፤
"ሥራ የሌለው ሰው ቀኑ ሃምሳ ዩሮ አያወጣም።"
የመንግሥት ጠበቃ ለዚህ ጉዳይ አልተፈቀደለትም፤
የሃርትቪግን ክፍያ በአራት ወር ከፋፍሎ ተስማማ።

በወሩ ወረቀት መጣ። አርባው ቀን አርባ ነው፤
አንዱ ቀን ግን አሥራ አምስት።
በስልክ አነበብኩለት። "ሕፃኑ" አለኝ፣ "በአሥር ወሩ
ሳይሄድ አይቀርም በእግሩ።"
ሌላ አላለም።

እኔም አንድ ክረምት፣ በረዶ ሲያካፋ፣ ከሠርግ ስመለስ
ሞቅ ብሎኝ ነዳሁ። መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ፤ ማንም የለም፣ የሚያስቆም ፖሊስ።
ደሜን የጠየቀው የለም።
እስካሁን የፖስታ ሳጥኔን ስከፍት፣ ከሥር ቢጫ ነገር ሳይ፣
እጄ ቅዝቅዝ ይላል።