አሥር ሺህ አንድ ክር

በኖርዌይ፣ ከፊዮርዱ ራስጌ፣
ይህ ኮረብታ ድሮ የባሕር ወለል ነበር፤
የበረዶው ሸክም ቢቀልጥ፣ ቢቀልለት፣ ቀና አለ ምድር።
ጭቃው ከነጨው ከውሃ ወጣና፣
ጥድ አበቀለና፣ ገብስ አበቀለና፣
ላም ታሰረችበት፣ ቤት ሠራበት ሰው፤
ጨውን ግን ዝናቡ
በያመቱ ቁንጥር፣ በያመቱ ቁንጥር፣
አጠበው፣ አጠበው።

ጨው ሆይ፣ «ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ሲሉህ አልሰማህም፤
ድንጋይ ነህ ተብለህ እንኳን አልተጣልክም፤
ሟሟህ።
ጭቃው ብቻ ቀረ፣ እንደ ካርታ ቤት ተደግፎ፣ ተጠጋግቶ፣ ተዋድዶ፣
ቅጠል በቅጠል ላይ፣ ባዶ በባዶ፤
ቆመ እንዲሁ ዘመን፣ ውሃን ምሰሶ አድርጎ፤
ካልነኩት ድንጋይ ነው፤ ከነኩት ግን እርጎ።

አርንዮት በቱቦ ከጉድጓድ ያወጣል፤
እኔ እቀበላለሁ፤ ማሽኑ ይጫናል።
አንዱ በአርባ ኪሎ፣ አንዱ በሃያ ስድስት
ተሰበረ፤ ያውም ከአንድ ጉድጓድ፣ ከአንድ እናት።
ስለዚህ ጥንካሬን አንድ ቁጥር አልለውም፤
የቁጥር ገበያ ነው፦ ብዙው መሐል ይጋፋል፣
ብርቱው ጥግ ይዟል፣
ደካማውም ጥግ ይዟል፣ ማንም አያየውም።

አሥር ሺህ ክር በኮምፒውተር ዘረጋሁ፤
ለእያንዳንዱ ክር ዕጣ አውጥቼ ጉልበት ሰጠሁ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ አውቃለሁ ተረቱን፤
ማን ነግሮኝ ያውቃል ግን የአንዲቱን ክር ሞቷን?
ስትበጠስ ሸክሟ አብሯት አይቀበርም፤
ለጎረቤት ይወርዳል፤ ጎረቤት እምቢ አይልም፤
ቋ።
ቋ፣ ቋ።
ዝም።
ቋ።
ጭቃ እንዲህ ነው የሚሞት፦ በውርስ፣ በዕዳ፤
ብዙ ትንሽ ስብራት፣ ከዚያ አንድ ናዳ።

ጉድቬግ ቤቷ ከጫፍ ነው፤ ሰባ ስምንት ዓመቷ፤
ሦስት ላም፣ አንድ ድመት፣ ከበር ጀርባ የሟች ባሏ ኮት፣ ይኸው ሀብቷ።
«ይህ ቁልቁለት ቢናድ» አልኳት፣ «በዓመት ዕጣሽ ከአርባ አንድ ነው።»
«ከአርባው የትኛው ዓመት?»
«አላውቅም።»
«ታዲያ ምን ታውቃለህ?» አለች፤ አልተቆጣችም፣
ባትሪዋን አንሥታ ወደ በረቱ ወጣች።
«ይኸው በር» አለችኝ፤ «ከጥቅምት ወዲህ አልገጥምም ብሏል፤
ልጆቹ እንጨቱ ነው ያበጠው ይላሉ።»
ለካሁት፦ አምስት ሚሊሜትር።
ጻፍኩት መዝገቤ ላይ፣ «ስሕተት» ከሚለው ዓምድ ሥር።

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ መጋቢት መባቻ፣
ኮረብታ ፈሰሰ። የሷ አይደለም፤ የማዶው ብቻ፣
«ከዘጠኝ መቶ አንድ» ብዬ ያለፍኩት።
በርቹ እንደቆመ ሄደ፣ ሥሩን ይዞ፤
መንገዱ እንደ ምንጣፍ ተጠቀለለ፤
የስታይናር ትራክተር መብራቱ ሳይጠፋ ወንዝ ውስጥ ገባ።
ሰው አልሞተም። ውሻው አልተገኘም።
«ቁጥርህ ዋሸን» አሉኝ በመንደሩ ስብሰባ።

አልዋሸም። ከዘጠኝ መቶ አንዱም አንድ ነው፤
ሌሊት አለው፤
ውሻ አለው።
ይህን ግን ለስታይናር አልነገርኩትም።

ግንቦት ላይ ደወለች። «በሩ ገጠመ» አለች፣ «ማንም ሳይነካው።
እንጨቱ ነው የደረቀው? ወይስ ኮረብታው ነው የተመለሰው?»
ዝም አልኩ።

ያን ማታ ከስሕተቱ ዓምድ አምስቷን ሚሊሜትር አወጣሁ፤
አሥር ሺህ አንደኛ ክር አድርጌ ዘረጋሁ፤
ዕጣ አወጣሁላት፣ ከሸክሙ አካፈልኳት፣
ቋ ከማለቷም በፊት
ጎረቤቷ ማን እንደሆነ
መጠየቅ ጀመርኩ።