ጃርት ያልሆነችው

አራት ኪሎ ግቢ፣ ከመሬት በታች፣
መስኮቷ ከእግረኛ ጫማ ጋር የተስተካከለች
አንዲት ክፍል አለች።
ናፍታሊን ይሸታል፣ ፎርማሊን ይሸታል፤
ከደጅ አንድ ወያላ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል፤
ከውስጥ ጋሽ ልሳነወርቅ መሳቢያ ይስባል።

አርባ ዓመት ሙሉ፣ በዚያች ቀጭን ብዕር፣
መስመር ሳይወላገድ፣ ሆሄ ሳይደነብር፣
የሞቱ እንስሳትን በየስማቸው ሲያኖር።

ዛሬ ግን ደብዳቤ ወረደ ከላይ ቤት፦
«በመሳቢያ አሥራ ሰባት፣
ከጃርቱ ጎን ያለው የማዳጋስካር እንስሳ
ጃርት አይደለምና ከዚያ ይነሳ።
ምድቡ ከዝሆን ነው፣
ከሽኮኮ ጋራ፣ ከአዋልዲጌሳ።»

መነጽሩን አወለቀ። ወለወለ።
«ከዝሆን?» አለ።
«ሽኮኮስ ይሁን፣ ጥርሱን አይቼ እኔም ጠርጥሬ ነበር።
ይህች ግን...»
በመዳፉ ላይ አስቀመጣት፣
ከሎሚ ብትበልጥ በአንድ ጣት፣
እሾኋን በአውራ ጣቱ ዳበሳት፤
«ይህች? የዝሆን እህት?»

እኔ አዲስ ተቀጣሪ፣ ገና ሦስት ወሬ፣
ያነበብኩትን ላስረዳው ደፍሬ፦
«ጋሽዬ፣ እሾህ ልብስ ነው፤ የሰፋው ችግር።
ሁለት ሰው ዝናብ ቢመታው በሁለት አገር፣
ሁለቱም ጃንጥላ ቢገዛ፣
የአንድ እናት ልጅ አይባልም።
ደማቸው ሲነበብ
ጃርቱ ለድመት፣ ለፈረስ፣ ለሌሊት ወፍ ይቀርባል።
የእሷ ወገን ባሕር ተሻግሮ፣
ደሴት ላይ ብቻውን ቀርቶ ነው የበዛ።
አንዱ ፍልፈል መስሎ አፈር ውስጥ ገባ፣
አንዱ በጣቶቹ መሃል ቆዳ አብቅሎ ወንዝ ለወንዝ ዋኘ፣
አንዱ ቢጫና ጥቁር ለብሶ
እሾህን ከእሾህ ያፋጫል፣ እንደ ፌንጣ፤
አንዷ አለች፣ ሠላሳ ትወልዳለች ባንድ ምጥ።»
(ጋሽ ልሳነወርቅ እዚህ ጋ አማተበ።)

«ይኸኛውስ?» አለኝ፣
ከእኛው ከቦረና የመጣውን፣ አፍንጫው የረዘመውን፣
ጎብኚ ተማሪ ሁሉ የሚስቅበትን ባለኩንቢ አይጥ።
«እሱማ አይጥም አይደል።
በስላቅ የወጣለት ስም እውነት ሆኖ ተገኘ፤
የዝሆን ዘመድ ነው።»
«አይ ሰው» አለ፣ «ሊሳደብ ወርውሮ
አንዳንዴ ስቶ እውነት ይመታል።»

ቆየ። ቆየና፦
«እኛስ ብንሆን ለሁሉም ያለን አንድ ስም።
የድንች ማሳ የሚፈጀውም ጃርት፣
ሌሊት ጥንዚዛ ለቅሞ፣ ሲነኩት ኳስ የሚሆነውም ጃርት።
እሾህ የወጋው ገበሬ
አያት ቅድመ አያት አይጠይቅም።»

ከዚያ ሳልጠይቀው፣ ለጥጡ እንደሚያወራ፦
«ዶሮ ማነቂያ ሳለን ወይዘሮ የውብዳር ነበረች።
ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ በመሃላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ።
ሌሊት ሲያስለኝ
በማንኪያ ግድግዳውን ትመታለች፣ ‹ውሃ ጠጣ!› ለማለት።
ሰፈሩ ሲነሳ እሷን ዕጣ ወደ አንዱ ዳር፣
እኔን ወደ ሌላው።
በደም ምኔም አይደለች።»
ሌላ አልጨመረም። ቀለም ነከረ።

«ቴንሬክ» ብሎ ጻፈ በአዲሱ ካርድ፣
ለ«ቴ» እግሯን ትንሽ አስረዝሞ፣ እንደሚወደው።
ተሸክሟት ሄደ ወደ ረጅሙ ቁም ሣጥን፣
ጡብ ከሚያህለው የዝሆን መንጋጋ አጠገብ
አስቀመጣት። አንዴ አስተካከላት።
ሁለቱን አይቶ ሊስቅ ነበር፤ ተወው።

ስንመለስ መሳቢያ አሥራ ሰባት
ክፍቱን ነው። ጃርቱ ብቻውን ተኝቷል።
ከጎኑ ጥጡ ላይ የሆዷ ጎድጓዳ፣
ጎድጓዳው ውስጥ አንዲት የወለቀች እሾህ።
የእሷ ትሁን የእሱ በዓይን አይለይም።
ልጠርጋት እጄን ስዘረጋ
«ተዋት» አለኝ።

መሳቢያውን ገፋው።
ግማሹ ላይ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ፣ ነከሰ፤
በጉልበቱ ዘጋው።