የተዋሰችው ሱሪ

ከሩዝ ጎታው ግርጌ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
አርባ ዓመት ተኩል በጨለማ አድሮ ውሎ፣
አሥራ አንድ ፎቶ ወጣ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤
የአጎቴ የሃው ጽሕፈት ከጀርባው ይታያል፦
«ቪን። ጦርነቱ ባለቀ በስድስተኛው ዓመት።
ሙቀት።»
ሌላ ምንም የለም። ያቺው አንዲት ቃል ናት፣ ሙቀት።

እኔ ፍርስራሹን ነው ዐይኔ የሚፈልገው፣
የነደደውን ቤት፣ ክራንች የያዘውን ሰው።
የለም።
የቦምብ ጉድጓድ አለ፣ ዝናብ የሞላበት፤
ቶአን በከነቴራው ተወርውሮ ሲገባበት፣
ዲየፕ አፍንጫዋን ይዛ ተራዋን ስትጠብቅ።
ማን እንደቆፈረው አንዱም አይጠይቅ፤
ዋና ሊማሩ ነው የመጡት።

በሌላው፣ ጣሪያ ባልወጣለት አዲስ ፎቅ ጥግ፣
አራት ጎረምሶች አንዲት ሲጋራ ሲቀባበሉ በወግ።
የሦስቱን ስም አላውቅም።

እናቴ ደግሞ ይቺት። ቱዬት፣ በረዶ ማለት፣
በረዶ ወርዶባት በማያውቅ ከተማ የወጣላት።
በሃኖይ ሐዲድ ዳር፣ የብስክሌቱን መሪ ለቃ፣
ቦላሌ ሱሪዋ እንደ ሸራ ነፍቶ፣ ከት ብላ ስቃ።
በዚያ ዘመን እኮ እንዲህ ያለ ሱሪ
በመቀስ ይቀደድ ነበር፣ መንገድ ላይ፣ በሥርዓት አስከባሪ።

«እኛ እንኳን ወጣትም አልነበርን» እያለች
ነው ያሳደገችን፤ ካሳቫ የበዛበትን ሩዝ እየጠቀሰች፣
ሳህን ላይ ፍሬ በተውን ቁጥር።

ፎቶውን ሰጠኋት። መነጽሯን ፈለገች።
ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ ይዤ ነበር፤
በጥፍሯ ወገቡን እያሳየች፦
«ሱሪው የእኔ አይደለም» አለች፣ «የዲየፕ ነው።
ዚፑ ተበላሽቶ፣ በመርፌ ቁልፍ ነው የያዝኩት።»
ከዚያ ዝም።
ከዚያ፣ ለእኔ ሳይሆን ለፎቶው፦
«አልመለስኩላትም።»

የት እንደሄደች ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ።

ሃው በአንዱም ላይ የለም፤ ካሜራው እጁ ላይ ነበር።
በሁለቱ ብቻ፣ ከታች፣ ከፎቶው ድንበር፣
ጥላው ብቅ ይላል፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ የደፋ፤
በአንደኛው የጥላው ራስ የፊት ጎማዋን ነክቷል፤
በሚቀጥለው፣
ብስክሌቱ አልፎታል።