የሚጮኸው ገመድ

በዶራ ወንዝ ዳርቻ፣ ቶሪኖ፣ ከሐዲዱ ድልድይ በታች፣
ወተት ሻይ የመሰለች ሚሌቼንቶ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች።
ስትነሣ ታስላለች፤
ሦስቴ ተኩሳ አንዴ ትዘልላለች፤
ሁለተኛዋ ካንዴላ አኩርፋለች።

ገመዱን በጣቴ ባጥፈው እንደ ደረቀ ቋንጣ ቀሽ አለ፤
መብራት አጥፍቼ ባስነሣት፣ ጉዷ በጨለማ ተንቀለቀለ፤
ሰማያዊ ብልጭታ በገመዱ ገላ ላይ ይሯሯጣል፤
ለካንዴላ የተላከው እሳት መንገድ ላይ ይዘረፋል።

ዕቃ ሻጩ ቀስ ብሎ፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚነገር፣
በእጁ እያመለከተ ሊያስረዳኝ ሲጀምር፣
«ካንዴላ» አልኩት፤ «ኮፈን፤ ፍሪሲዮን፤ ጎሚስታ፤»
እጁን አወረደ፤ ሣቀ በደስታ።
«ጣልያንኛውን ማን አስተማረሽ?» አለኝ።
«አማርኛ መስሎኝ ነበር» አልኩት፤
«አባቴ ነው፣ ደሴ፣ ጋራዥ ውስጥ ያሳደገኝ።»

ሦስት ዐይነት ገመድ ባንኮኒው ላይ አስተኛ።
ቀዩ ሲሊኮን፣ ሆዱ ካርቦን፣ ሙቀት የማይደፍረው ጨዋ እንግዳ፣
ሬዲዮ የማይረብሽ፣ ጎረቤት የማይጎዳ፤
ሰማያዊው የእሽቅድድም፤ ዋጋውን ሰምቼ ወደ ቦታው መለስኩት፤
ጥቁሩ ጥጥ የለበሰ፣ ከውስጥ መዳብ ብቻ፣ የድሮ ሰው ዐይነት።
እጄ ሳያማክረኝ ቀዩን አነሣ።

ሲኞራ ኤርሲሊያ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣
«የትኛው ነው» አሉ፣ «የሚጮኸው?»
«ጥሩ ገመድ አይጮኽም፣ እመቤቴ፤ የተሰጠውን አድርሶ ዝም ነው፤
መዳቡ ነው ሬዲዮ የሚያውከው።»
«እሱን ግዢ።»
«ግን እኮ…»
«እሱን ግዢ!»

መንገድ ላይ ነገሩኝ።
አራተኛ ፎቅ፤ ወጥ ቤት፤ ሬዲዮው ከዳቦው ሣጥን በላይ፤
የማታ ዜና አንባቢው አንድ መንግሥት ሊወድቅ ሲል፣ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ፣
ትርርርር! ድምፁ እንደ ጢም ይላጫል፤
ኦሬስቴ መታጠፊያው ጋ ደርሷል።
ሾርባው ይወርዳል፤ ሳህኑ ይወጣል።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ» አሉ፣
«የትኛውም መንግሥት እንዴት እንደ ወደቀ አልሰማሁም።»
ሣቅሁ።
እሳቸው አልሣቁም።

መዳቡን ለካሁ፤ ቆረጥኩ፤ ጫፉን ላጥሁ፤
አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት እያልኩ ሰካሁ፤
ቁጥር ያልተማረ ሕፃን የሚቆጥረው ይመስላል፤
ሞተሩ ግን በዚህ ብቻ ይግባባል።
«ስምሽ ትርጉሙ ምንድን ነው?» አሉኝ፣ ባትሪውን እያበሩልኝ።
«ፈትለወርቅ። የወርቅ ክር።»
«እንግዲህ መዳብ በመፍተልሽ አይክፋሽ» አሉኝ።

አመሻሹ ላይ በሊፍት ወጡ፣ ብቻቸውን፤
እኔ ያዝኩ መሪውን።
በዚያ ሞገድ የሚያወራ ጣቢያ ካለቀ ቆይቷል፤
ሬዲዮው ቢከፈት ባዶ ንፋስ ብቻ ይተነፍሳል፤
ከወንዙ ማዶ እስከዚህ መታጠፊያ
ሚሌቼንቶዋ ነች የቀረችው ጣቢያ።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ እንደ ወግ ፍጥነት ቀነስኩ፤
ከዚያ፣ የሰው ባል በር የማንኳኳ ይመስል እያፈርኩ፣
ቤንዚን ትንሽ ጨመርኩ።
ቀና አልኩ።

የአራተኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተ፤
መጀመሪያ የታየኝ ፊታቸው አይደለም፤
ጭልፋው ነው፣ ገና የሚንጠባጠብ።